ሲጠብቅና ሲላላ

በአማርኛ ጽሕፈት ውስጥ የማይጻፍ፣ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚነበብ አንድ ነገር አለ፤ መጥበቅና መላላት። «ገና» ብለን ስንጽፍ በዓሉን ማለታችን ይሁን ወይም ጊዜው አለመድረሱን፣ ፊደሉ አይናገርም። «ዋና» ስንል ወንዝ ውስጥ የሚዋኘው ይሁን ከሌሎች የሚበልጠው፣ «አለ» ስንል የተናገረው ይሁን የሚገኘው፣ ወረቀቱ ዝም ይላል። ለይቶ የሚያነበው አንባቢው ነው፤ እርሱም የሚለየው ከፊትና ከኋላ ያለውን ቃል አይቶ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የቋንቋው ልጅ ስለሆነ ነው። የሰዋስው መጻሕፍት አንዳንድ ጊዜ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ምልክት ያኖራሉ፤ ዩኒኮድም እ.ኤ.አ. በ2005 ለዚሁ የሚሆን ምልክት መዝግቧል። ይሁንና ደብዳቤ ሲጽፍ ወይም ግጥም ሲቋጥር ይህን ምልክት የሚያኖር ሰው አላጋጠመኝም። አንባቢያችንን እናምነዋለን፤ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ አያሳፍረንም።

መጥበቅና መላላት ግን በፊደል ላይ ብቻ የሚያበቃ ነገር አይደለም። የመስመር መጨረሻም ይጠብቃል፤ ይላላልም። በስድ ንባብ የመስመር መጨረሻ ላላ ያለ ነው፤ ወረቀቱ ስላለቀ ብቻ ዐይናችን ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ሐሳቡ ከዚያ ላይ አይቆረጥም። በግጥም የመስመር መጨረሻ ጥብቅ ነው፤ ገጣሚው «እዚህ ላይ ተንፍስ» ያለበት ነው። ሁለቱ በወረቀት ላይ ሲታዩ አንድ ናቸው። ልዩነታቸውን የሚያውቀው አንባቢው ነው። አንባቢው ሰው ሳይሆን የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲሆንስ? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ላወጋችሁ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

*

በምሠራበት ባንክ፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ለረጅም ዘመን የሒሳብ መዝገብ ሲይዙ ኖረው በጡረታ የተሰናበቱ አንድ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እያልን እንጠራቸው ነበርና በዚህም ጽሑፍ ጋሼ ብቻ ብዬ አልፋለሁ። ጋሼ ግጥም ይጽፉ ነበር። ጋዜጣ ላይ አላወጡም፤ መድረክ ላይ አልቆሙም፤ ለወዳጅ ሲያነቡም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ይጽፉ የነበረውም ባገኙት ወረቀት ላይ ነው፤ በአሮጌ መዝገብ ጀርባ፣ በተበላሸ የገንዘብ ማስገቢያ ቅጽ ኅዳግ፣ አልፎ ተርፎም በሒሳብ ማሽን ጥቅል ወረቀት ላይ።

ካረፉ በኋላ ቤተሰቡ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ለሙት ዓመታቸው ለሚሰበሰበው ዘመድና ወዳጅ ከግጥሞቻቸው የተመረጡት በትንሽ መድበል ታትመው ይታደሉ ተባለ። ልጃቸው ወረቀቶቹን ከየካርቶኑ ሰብስባ በኮምፒዩተር ጻፈቻቸው። ያባቷን እጅ ታከብር ስለነበር አንዲት ነገር አልጨመረችም፤ አንዲትም አልቀነሰችም። መስመር በመስመር፣ ነጥብ በነጥብ፣ በስንኙ መካከል አባቷ ሰፋ አድርገው የተዉት ክፍተት እንኳ ሳይቀር ገልብጣ ፋይሎቹን ሰጠችኝ። የእኔ ድርሻ እነዚያን ፋይሎች ማተሚያ ቤቱ ወደሚቀበለው የዎርድ ሰነድ ቀይሮ ማስረከብ ነበር።

ፋይሎቹ ተራ ጽሑፍ ነበሩ። ተራ ስል ያለ ጌጥ፣ ያለ ቀለም፣ ያለ ፊደል መጠን፣ ቃሉ ብቻ የሰፈረባቸው ማለቴ ነው። ይህን መንገድ የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትሙ ፊደላችንን ከማካተቱ በፊት የአማርኛ ጽሑፍ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የፊደል ቁጥር ነበራቸው፤ በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት የእንግሊዝኛ ፊደልና የጥያቄ ምልክት ቅልቅል ይሆን ነበር። በዚያ ዘመን የተጻፉ ስንት ግጥሞች በዲስኬት ውስጥ እንደተቆለፉ ቀርተዋል! ስለዚህ ጽሑፍን በዩኒኮድና በተራ ፋይል ማስቀመጥ፣ ጌጡን ደግሞ በመጨረሻ ሰዓት በሌላ መሣሪያ ማልበስ ለእኔ የጥንቃቄ መንገድ ሆኖ ኖሯል።

ጌጡን የሚያለብሰው መሣሪያ ፓንዶክ ይባላል። ጆን ማክፋርለን የተባሉ፣ በበርክሊ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የፍልስፍና መምህር፣ እ.ኤ.አ. በ2006 ለሕዝብ ያቀረቡት በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ከአንድ የአጻጻፍ መልክ ወደ ሌላ ያሻግራል፤ ተራውን ጽሑፍ ተቀብሎ የዎርድ ሰነድ፣ የድረ ገጽ ወይም የፒዲኤፍ መልክ ያወጣል። መስኮትና አዝራር የለውም፤ አንድ መስመር ትእዛዝ ትጽፉለታላችሁ፣ እርሱም ሥራውን ሠርቶ ዝም ይላል። ትእዛዙን ከዓመታት በፊት በኮምፒዩተር ሙያ የሚተዳደር ወዳጄ አዘጋጅቶልኝ ነበር፤ የራሴንም ግጥሞች በዚያው ስቀይር ኖሬአለሁ።

ላፕቶፔ አርጅቶ ሌላ ስገዛ ፓንዶክንም አዲሱን እትም ጫንኩ። አሮጌው ቁጥሩ 1.19 ነበር፤ አዲሱ በ2 የሚጀምር። ትእዛዙ ያው ነበር፤ ፋይሉም ያው። የስህተት መልእክት አልመጣም። የወጣውን ሰነድ ስከፍተው ግን የጋሼ ግጥሞች ሁሉ ስድ ንባብ ሆነው ነበር። እያንዳንዱ ግጥም እንደ አንድ አንቀጽ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ተዘርግቶ፣ ስንኝ ከስንኝ ተያይዞ ተቀምጧል። አንዲት ፊደል አልጠፋችም። ግጥሙ ግን አልነበረም።

*

«ቃሉ እስካለ ድረስ ምን ጎደለ?» የሚል ይኖራል። አንድ የሥራ ባልደረባዬም ይህንኑ ብሎኛል፤ «ቤት የሚመታ ግጥም ከሆነ ጆሮ ራሱ ያገኘዋል» ነበር ያለው። ከፊል እውነት አለው። የወል ቤት ግጥም ስድስት በስድስት እየተመታ ሲሄድ፣ ቢያያዝም ቢለያይም ያደገበት ጆሮ አይስተውም። ነገር ግን ከጋሼ ግጥሞች የሚከተለውን ልብ በሉ።

ሁሉም ተመለሰ ልጄ ብቻ ቀረ
ብዬ ሳለቅስለት ከጎኔ ነበረ

የመጀመሪያው ስንኝ ብቻውን ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው። ልጅ ጠፍቷል፤ ሌሎች ተመልሰዋል። አንባቢው በዚያ በስንኙ ጫፍ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ለአንዲት ትንፋሽ ያህል ልጁ መቅረቱን ያምናል፤ ከእናት ወይም ከአባት ጋር ያዝናል። ከዚያ «ብዬ» ትመጣለች። አማርኛ ማሰሪያውን ወደ ኋላ የሚያመጣ ቋንቋ ነውና ያች ሁለት ፊደል ያለፈውን ሁሉ ትገለብጠዋለች። ሐዘኑ እውነት አልነበረም፤ ልጁ ከጎን ነበረ። የግጥሙ ጉልበት ያለው በአንድ ትንፋሽ እምነትና በቀጣዩ መገልበጥ መካከል ነው። ሁለቱን ስንኞች አያይዛችሁ በአንድ መስመር አንብቧቸው። «ቀረ ብዬ ሳለቅስለት» ይሆናል፤ ልጁ ገና ከመጥፋቱ ይገኛል። ቤቱ አልተበላሸም፤ ምቱም አልጎደለም፤ የሞተው ያች ትንፋሽ ናት።

ስለዚህ ችግሩ የመልክ ሳይሆን የአደራ ነበር። ጋሼ በሕይወት የሉም፤ «እዚህ ላይ ምን ማለትዎ ነው?» ተብለው አይጠየቁም። ስንኞቻቸው የት እንደሚያልቁ የሚመሰክረው የእጅ ጽሑፋቸውና ልጃቸው የገለበጠችው ፋይል ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱም ቀን ቆርጦ ነበር።

*

በባንክ ቤት ምሽት ላይ ሒሳብ ሲዘጋ ልዩነት ቢገኝ፣ ፍለጋው የራሱ ሥርዓት አለው። ማንም ተነሥቶ አይጠረጠርም። መጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት ቦታ ይፈለጋል፤ ከዚያ መለያየት የጀመሩበት። ልዩነቱ በሁለቱ መካከል ተከልሎ ሲቀር ራሱን ይገልጣል። እኔም ሌላ መንገድ ስለማላውቅ በዚሁ ሄድኩ።

ፋይሉን በተራ ጽሑፍ ማሳያ ከፈትኩት፤ ስንኞቹ በየቦታቸው ነበሩ። ስለዚህ የተለወጠው ፋይሉ አይደለም። ሰነዱን በሌላ ኮምፒዩተር ከፈትኩት፤ እዚያም ተያይዟል። ስለዚህ ማሳያውም አይደለም። ፊደሉን ከኒያላ ወደ አቢሲኒካ ቀየርኩ፤ ለውጥ የለም። ከዚያ አሮጌውን ላፕቶፕ ከመሳቢያ አውጥቼ አስነሣሁ። ያንኑ ፋይል በዚያኛው ስቀይረው ስንኞቹ ተለያይተው፣ ቀጥ ብለው ወጡ። ልዩነቱ እንግዲህ በ1.19 እና በአዲሱ እትም መካከል ነው።

ቀጥሎ መጽሐፉን ሁሉ ትቼ ሁለት መስመር ብቻ ያላት ፋይል ሠራሁ። በመጀመሪያው መስመር «ሀ»፣ በሁለተኛው «ለ»። ትልቅ ልዩነት በትንሽ ሒሳብ ላይ በግልጽ ይታያል። ፓንዶክ ጽሑፉን ወደ ሌላ መልክ ከማሻገሩ በፊት በውስጡ እንዴት እንደተረዳው እንዲያሳይ ማዘዝ ይቻላል፤ «ኔቲቭ» የሚባለውን መልክ መጠየቅ ነው። በሁለቱም ላፕቶፖች ጠየቅሁ። አሮጌው በ«ሀ» እና በ«ለ» መካከል «ላይን ብሬክ» ብሎ ጻፈ። አዲሱ «ሶፍት ብሬክ» አለ።

ይህን ሳነብ ሳቄ መጣ። አንዱ ጠብቆ፣ ሌላው ላልቶ ማለት አይደለምን? ፕሮግራሙ ለመስመር መጨረሻ ሁለት ስም አለው። ጥብቁ በሰነዱ ላይ መስመር ይሰብራል። ልሉ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በ1.16 እትም ስሙን ያገኘው፣ «እዚህ ላይ ጸሐፊው ወደ ታች ወርዷል፤ ግን ትርጉም የለውም» ማለት ነው፤ ዎርድ ሰነድ ላይ ሲደርስ አንድ ክፍት ቦታ ይሆናል። ያው ፋይል፣ ያው የመስመር መጨረሻ፣ ሁለት ንባብ።

*

ለምን ንባቡ እንደተለወጠ ለማወቅ የእትሙን የለውጥ መዝገብ አነበብኩ። መልሱ እዚያ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2017 በወጣው በ2.0 እትም ሥር ተጽፎ ይገኛል። ለማስረዳት ጥቂት ወደ ኋላ ልመለስ።

ፓንዶክ የሚያነበው ተራ ጽሑፍ ማርክዳውን በሚባል ልማድ የተጻፈ ነው። ይህን ልማድ እ.ኤ.አ. በ2004 ያቀረበው ጆን ግሩበር ነው። በማርክዳውን ሕግ፣ በአንቀጽ ውስጥ መስመር ቢሰበር እንደ አንድ ክፍት ቦታ ይቆጠራል። ምክንያት አለው፤ በኢሜይል የኖሩ ጸሐፊዎች ለማንበብ እንዲመች መስመራቸውን ሰባና ሰማንያ ፊደል ላይ መቁረጥ ለምደው ነበር፤ ቁርጡ የስፋት እንጂ የሐሳብ አልነበረም። መስመሩ በእርግጥ እንዲሰበር የሚሻ ሰው በመጨረሻው ላይ ሁለት ክፍት ቦታዎች ይተዋል። የማይታዩ ሁለት ምልክቶች! በዚያ ላይ በመስመር መጨረሻ የቀረ ክፍት ቦታን እንደ ትርፍ ቆጥረው የሚጠርጉ የጽሑፍ ማዘጋጃ ፕሮግራሞች አሉ። ግጥም እንዲህ ባለ ክር ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ማርክዳውን ልዩ ልዩ ቀበልኛ አለው። የፕሮግራም ጸሐፊዎች ሥራቸውን የሚያኖሩበት ጊትሀብ የራሱ አለው። ወዳጄ ባዘጋጀልኝ ትእዛዝ ውስጥ የነበረውም ይኸው የጊትሀብ ቀበልኛ ነው፤ በአሮጌው ፓንዶክ ይህ ቀበልኛ እያንዳንዱን የመስመር መጨረሻ አጥብቆ ያነብ ነበርና ለግጥም ተስማሚ ነበር። የለውጥ መዝገቡ እንደሚያስረዳው ግን ጊትሀብ ራሱ ሁለት ዓይነት አነባበብ አለው። ሰዎች በሚሰጡት አጭር አስተያየት ላይ የመስመር መጨረሻ ይጠብቃል፤ በረጃጅም ሰነዶች ላይ ይላላል። ፓንዶክን የሚጠቀም ሰው ይበልጡን ረጅም ሰነድ ሊቀይርበት ስለሚችል፣ ከ2.0 ጀምሮ ማላላቱ መነሻ ልማድ እንዲሆን ተወሰነ። የጠፋ ነገር የለም፤ ማጥበቁን የሚሻ በትእዛዙ ላይ «ሀርድ ላይን ብሬክስ» የሚለውን ስም ከመደመር ምልክት ጋር መጨመር ብቻ ይበቃዋል።

ውሳኔው ፍትሐዊ ነው ብዬ አምናለሁ። ብዙውን ሰው ያገለግላል፤ ምክንያቱም በግልጽ ተጽፏል፤ መመለሻ መንገድም ተትቶለታል። ግን የዚህ ዓለም ጽሑፍ አብዛኛው ስድ ንባብ ነው። «መነሻ ልማድ» የሚባል ነገር ሁልጊዜ የሚቀረጸው በብዙኃኑ ልክ ነው፤ ግጥም ደግሞ በየትም አገር፣ በየትም መሣሪያ ላይ ጥቂት ነው። ጥቂት የሆነ ነገር ልማድን ተማምኖ መኖር አይችልም፤ ፈቃዱን መናገር አለበት። የቀደሙት የእኛ ጸሐፍት ይህን የተረዱ ይመስለኛል። በብዙ የብራና መጻሕፍት መልክእና መሰል የግጥም ድርሰቶች እንደ ስድ ንባብ ተከታትለው ተጽፈው ይገኛሉ፤ ብራና ውድ ነውና ለባዶ ቦታ አይተርፍም። የስንኙን መድረሻ ለአንባቢው የሚነግረው ነጥቡ ነው። መስመሩ ቢሰበር ባይሰበር፣ ገልባጩ ሰፊ ብራና ቢያገኝ ጠባብ፣ ስንኙ ወሰኑን በራሱ ላይ ተሸክሞ ይጓዛል።

*

እንግዲህ ሁለት መንገድ ነበረኝ። አንደኛው ያን አንድ ስም በትእዛዙ ላይ ጨምሮ ሁሉንም መስመር ማጥበቅ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለተኛው በየስንኙ መነሻ ላይ ምልክት ማኖር። ፓንዶክ ለግጥምና ለአድራሻ የሚሆን ልዩ አጻጻፍ አለው፤ እያንዳንዱ መስመር በቋሚ ሰረዝና በአንድ ክፍት ቦታ ይጀምራል፤ እንዲህ የተጻፈ መስመር ሁልጊዜ ጥብቅ ሆኖ ይነበባል፤ በመነሻው ገባ ያለ ቢሆን ገብነቱም ይጠበቅለታል።

የመጀመሪያውን ሞከርኩና ሰነዱን አወጣሁ። ስንኞቹ ተመለሱ። ነገር ግን ከዋናው ወረቀት ጋር አንድ በአንድ ሳመሳክር ከዚህ በፊት ልብ ያላልነው ጥያቄ ተነሣ። ጋሼ ስንኙ ረዝሞ ከወረቀቱ ጫፍ ሲደርስባቸው የተረፈውን ቃል ከሥሩ ያወርዱት ነበር። ያ መስመር የስፋት ነው፤ ላላ ብሎ መነበብ ያለበት። ልጃቸው በታማኝነት መስመር በመስመር ገልብጣዋለች፤ የወረደውም ቃል እንደ አዲስ ስንኝ ቆሟል። አሮጌው ፕሮግራም ሁሉን አጥብቆ ስለሚያነብ ጥያቄው ተሸፍኖ ነበር። አዲሱ ሁሉን አላልቶ ስላነበበ ተገለጠ። ሁለቱም ትክክል አልነበሩም። ሁሉን ማጥበቅም ሁሉን ማላላትም ገጣሚውን አይጠይቅም።

ስለዚህ በቋሚ ሰረዝ ሄድኩ። እያንዳንዱን መስመር እየጠየቅሁ፤ «አንተ ስንኝ ነህ ወይስ ትርፍ?»። ቤት የሚመታው ግጥም ቀላል ነበር፤ ቤቱ ራሱ ይመሰክራል። ያስቸገረኝ ቤት የማይመታው ነው፤ በተለይም በሒሳብ ማሽን ጥቅል ወረቀት ላይ የተጻፈው። ስፋቱ ከአራት ጣት አይበልጥም፤ በላዩ ላይ ሁለትና ሦስት ቃል ከጻፉ መስመሩ ያልቃል። ግጥሙ እንዲህ ሰፍሯል።

ዛሬም እንደ
ትናንት ሒሳቡ
ልክ መጣ
እኔ ብቻ
ጎደልኩ

ከእነዚህ አራት ስብራቶች ውስጥ የትኞቹ የጋሼ ናቸው? የትኞቹስ የወረቀቱ? ፕሮግራሙ ይህን ሊነግረኝ አይችልም፤ የለውጥ መዝገብም የለውም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ያው አንድ ዓይነት የመስመር መጨረሻ ነው።

ባለቤታቸው ዘንድ ሄድኩ። እትዬ ዐይናቸው ደክሟል፤ ወረቀቱን ማንበብ አይችሉም። «የምሽት ሒሳብ ዘግተው ሲገቡ የሚሏት ግጥም ነበረች?» ብዬ የመጀመሪያዎቹን ቃላት ስጀምርላቸው ግን አስቆሙኝ። «እኔ ልበላት ልጄ» አሉ። «ዛሬም እንደ ትናንት ሒሳቡ ልክ መጣ» ያሉት በአንድ ትንፋሽ ነው። ዝም አሉ። «እኔ ብቻ» አሉና እንደገና ዝም አሉ፤ ዝምታው ረዘም ያለ ነበር። ከዚያ፣ ኮት እንደሚያወልቅ ሰው ትከሻቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጎደልኩ»።

ከዚያ በኋላ ሌላ ምስክር አልፈለግሁም። ግጥሟ ሦስት ስንኝ ናት። ከአራቱ ስብራቶች ሁለቱ የወረቀቱ ነበሩ፤ ሁለቱ የጋሼ። ሦስት ቋሚ ሰረዝ አኖርኩ።

*

የቀሩትን ጣጣዎች በአጭሩ ልናገር፤ ተመሳሳይ ነገር ለሚገጥመው ይጠቅማልና። ቋሚ ሰረዝን የሚያውቀው የጊትሀብ ቀበልኛ ሳይሆን የፓንዶክ የራሱ ማርክዳውን ነው፤ ስለዚህ በትእዛዙ ላይ ቀበልኛውን መቀየር ነበረብኝ። ያን ስለውጥ ሌላ ነገር ተለወጠ። ከ2.0 ጀምሮ የፓንዶክ ማርክዳውን «ስማርት» የሚባል ባሕርይ ሳይጠየቅ በመነሻ ይዟል፤ ሦስት ተከታታይ ነጥቦችን ወደ አንድ የነጥብ ምልክት ያጥፋል። ጋሼ ደግሞ በነጥብ ለጋስ ነበሩ፤ ለአጭር ዝምታ ሦስት፣ ለረጅም አምስት ያኖራሉ። አምስቱ ነጥቦች አንድ የታጠፈና ሁለት ያልታጠፉ ሆነው፣ እንደ ወላቃ ጥርስ ተራርቀው ወጡ። መፍትሔው በትእዛዙ ላይ «ስማርት» የሚለውን ከመቀነስ ምልክት ጋር መጻፍ ነው። ትምህርተ ጥቅሳችን «» ነውና እርሱን አልነካውም።

የወል ቤቱን ስንኝ ለሁለት የሚከፍለው በመካከል የተተወ ሰፊ ክፍተትም አለ። ቋሚ ሰረዝ በመነሻው ያለውን ክፍተት ይጠብቃል እንጂ በመካከል ያለውን አይጠብቅም፤ ብዙውን አንድ ያደርገዋል። ለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍት ቦታ በፊት ወደ ኋላ ያዘመመ ሰረዝ ማኖር ያሻል፤ ያኔ የማይሰበር ክፍት ቦታ ሆኖ ይቆጠራል። አድካሚ ነው፤ ግን ለትንፋሽ ቦታ መስጠት መቼም ቀላል ሆኖ አያውቅም።

መድበሏ ለሙት ዓመቱ ደረሰች። ከተሳተፉት ሰዎች አብዛኞቹ የስንኞቹን መጨረሻ ነገሬ አላሉትም፤ ሊሉትም አይገባም። በትክክል የተሰበረ ስንኝ አይታይም፤ ይነበባል እንጂ።

ከዚህ ሁሉ ለራሴ ያስቀረሁትን ለእናንተም፣ ግጥሞቻችሁን በኮምፒዩተር ለምታኖሩ፣ ላካፍላችሁ። የምትጠቀሙበት መሣሪያ ነገ መታደሱ አይቀርም፤ መታደሱም ደግ ነው። ስለዚህ የስንኛችሁን ወሰን በመሣሪያው ልማድ ላይ አትጣሉት፤ በጽሑፉ ላይ ራሱ፣ በሚታይ ምልክት አስፍሩት። ትእዛዝ ከላፕቶፕ ጋር ያረጃል፤ ጽሑፉ ውስጥ ያለ ምልክት ግን ጽሑፉ በሄደበት ይሄዳል። እትም ስታድሱ አሮጌው ያወጣውን አንድ ሰነድ አስቀምጡ፤ ነገሩ ሲለያይ የምታስታርቁበት ይሆናችኋል። የለውጥ መዝገቡንም አንብቡ፤ ደረቅ ይመስላል፤ በውስጡ ግን ሰዎች ስለ አነባበብ ያደረጉት ክርክር አለ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ በቤታችሁ የሚጽፍ አዛውንት ካለ፣ ፋይል ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጊዜ በድምፁ ያነብላችሁ ዘንድ ለምኑት። ስንኙ የት ላይ እንደሚጠብቅና የት ላይ እንደሚላላ ከእርሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ትንፋሹ ሳለ ስሙት።

ቸር እንሰንብት።